መድኃኒት ስለሚያወጣ የዐጥንት ሲሚንቶ

ዐጥንት በመረቀዘ ጊዜ የሚዋጥ ወይም በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ብቻውን አይበቃም። የሞተ ዐጥንት ደም ስለማይደርሰው፣ በደም የሚጓዘውም መድኃኒት አይደርሰውምና። ሕክምናው ካልሠመረ በሽተኛው እግሩን እስከ ማጣት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱን ከሕመሙ ቦታ ስለሚያኖረው ሲሚንቶ አሠራር በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. ቡክሆልትስና ኤንገልብሬክት የተባሉ የጀርመን ሐኪሞች፣ ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ በሚተከልበት ሲሚንቶ ውስጥ ጄንታማይሲን ስለ መቀላቀል ጽፈው አሳተሙ። ይህ ሲሚንቶ ፖሊሜቲል ሜታክሪሌት የተባለ ፕላስቲክ ነው። ጥንካሬው የተመሰገነ ቢሆንም ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ መድኃኒቱ የሚወጣው በአብዛኛው ከገጹ ነው፤ የቀረው በውስጡ ታስሮ ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በርከት ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ጥቂት በጥቂት ይንጠባጠባል። ባክቴሪያን ለመግደል የማይበቃ መጠን ደግሞ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዲለምድ ስለሚያደርግ አደገኛ ነው።

በ1980ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ብራውንና ቻው የካልሲየም ፎስፌት ሲሚንቶን አስገኙ። ዱቄቱ በፈሳሽ ተለውሶ ያለ ብዙ ሙቀት ይጠነክራል፤ የሚሆነውም የዐጥንትን ማዕድን የሚመስል ነገር ነው። በባሕርዩ ረቂቅ ቀዳዳዎች አሉት፤ ነገር ግን ዐጥንት ገብቶ እንዲያድግበት ከ0.1 ሚሊሜትር የሚሰፉ ቀዳዳዎች ይፈለጋሉ። አንዱ ዘዴ ሊጡ እንደ እንጀራ ዐይን እንዲያወጣ ማድረግ ነው፤ ሶዲየም ባይካርቦኔት ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይወጣልና። ሌላው፣ ማኒቶል የተባለውን እንደ ስኳር የሚሟሟ ነገር ቀላቅሎ፣ ሟሙቶ ሲሄድ ቦታውን ባዶ እንዲተው ማድረግ ነው።

ይሁን እንጂ ቀዳዳዎቹ እርስ በርሳቸው ካልተገናኙ ፈሳሽ አያልፍባቸውም፤ በሰፊው ሲገናኙ ደግሞ መድኃኒቱ ቶሎ ያልቃል። ሂጉቺ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ቀመር እንደሚያሳየን፣ ከእንዲህ ያለ አካል የወጣው መድኃኒት ድምር እጥፍ እንዲሆን ጊዜው አራት እጥፍ መሆን አለበት። ይህን ፍጥነት ለመግታት መድኃኒቱን ቀስ በቀስ በሚበሰብሱ ጥቃቅን የጄላቲን እንክብሎች ውስጥ አድርጎ መቀላቀል ይቻላል።

ከሁሉም በላይ ቀዳዳ በበዛ ቁጥር ጥንካሬ ይቀንሳል። ስለዚህ የሰውነት ክብደት በሚያርፍበት መገጣጠሚያ ጥቅጥቁ፣ ሸክም በማይበዛበት የዐጥንት ጉድጓድ ግን ባለ ቀዳዳው ይስማማል። እንግዲህ ምን ያህል መድኃኒት እንደ ተጨመረ መጠየቅ ብቻ አይበቃንም፤ በምን መንገድ፣ በስንት ቀን እንደሚወጣና የቀረው አካል ምን ያህል ክብደት እንደሚችል አብረን መመርመር አለብን።