የቆሰለ ዓሣና የጨው ፊዚክስ

በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚኖር ወርቃማ ዓሣ ሻካራ ድንጋይ ሲቧጭረው ወይም ሌላ ዓሣ ሲነክሰው ከጎኑ ጥቂት ቅርፊቶች ይረግፋሉ። ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ በቁስሉ ላይ ነጭ ነገር ብቅ ሲል ባለቤቱ ይደነግጥና ያገኘውን መድኃኒት ሁሉ ውሃው ውስጥ ይጨምራል። ልምድ ያላቸው ዓሣ አርቢዎች ግን ለቀላል ቁስል ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚያነሡት ጨው ነው። ለምን? መልሱን ለማግኘት በሁለተኛ ደረጃ የተማርነው ኦስሞሲስ ይበቃናል።

ቆዳው እንደ ግድብ

በጨው አልባ ውሃ የሚኖር ዓሣ ደሙ ከአካባቢው ውሃ ይልቅ እጅግ ጨዋማ ነው። በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ የሟሙት ቅንጣቶች ወደ 0.3 ሞል ይጠጋሉ፤ በገንዳው ውሃ ውስጥ ያሉት ግን ከዚህ ጋር ሲነጻጸሩ ከቁጥር አይገቡም። ውሃ ደግሞ በስስ ሽፋን በኩል ምንጊዜም የሟሙ ነገሮች ወደሚበዙበት ወገን ያዘነብላል። የዚህን ዝንባሌ መጠን የሚያሰላልን እ.ኤ.አ. በ1901 የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ያገኘው የሆላንዱ ተወላጅ ቫንት ሆፍ የደረሰበት ቀመር ነው። የቅንጣቶቹን መጠን (0.3) በጋዝ ቋሚ ቁጥር (0.082) እና በፍጹም ሙቀት መጠን (298 ኬልቪን፣ ማለትም 25 ዲግሪ ሴልሺየስ) ብናባዛ 7.3 አትሞስፌር እናገኛለን። ይህም 75 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ ከሚያሳድረው ግፊት ጋር እኩል ነው።

ዓሣው ይህን ግፊት እንደ ክብደት አይሸከመውም። ቁጥሩ የሚነግረን ውሃ ወደ ሰውነቱ ለመግባት ያለውን ኃይል ነው። ቅርፊት፣ ቆዳና የሚያዳልጠው ልጋግ አንድ ላይ ሆነው እንደ ግድብ ያገለግላሉ። በስንጥቡ በኩል የሚገባውን ውሃ ኩላሊቱ በብዙ ቀጭን ሽንት ያስወግደዋል፤ ስንጥቡም ጉልበት እያወጣ ጨውን ከውሃው ይለቅማል። ቁስል እንግዲህ በግድቡ ላይ የተከፈተ ቀዳዳ ነው። ውሃ ይገባል፣ ጨው ይወጣል፤ ቁስሉን ለመጠገን መዋል የነበረበት ጉልበትም ውሃ በማስወጣት ይባክናል።

በሊትር 3 ግራም ጨው ብንጨምርስ? ሶዲየም ክሎራይድ ሲሟሟ ለሁለት ስለሚከፈል 0.1 ሞል ያህል ቅንጣቶች ይሰጠናል። ልዩነቱ ከ0.3 ወደ 0.2 ይወርዳል፤ ግፊቱም ወደ 4.9 አትሞስፌር ዝቅ ይላል። የዓሣው ሸክም በሲሶ ቀለለ ማለት ነው።

ጥጥ የመሰለው ሁሉ ፈንገስ አይደለም

በቁስል ላይ እንደ ጥጥ የሚያብበው ብዙውን ጊዜ ሳፕሮሌግኒያ የሚባለው የውሃ ሻጋታ ነው። ለረጅም ዘመን ከፈንገስ ወገን ይቆጠር ነበር፤ ሆኖም የሕዋሱ ግድግዳ በዋናነት የተሠራው እንደ ፈንገስ ከካይቲን ሳይሆን ከሴሉሎስና ከመሰሎቹ ነው፤ በዝምድናውም ለቡናማ አልጌዎች ይቀርባል። በዚህ ምክንያት ለሰው ፈንገስ የተሠሩ ብዙ ቅባቶች አይበጁትም። ጨው ግን እድገቱን ያዳክመዋል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ባክቴሪያ ሲሆን ስሙ ፍላቮባክቴሪየም ኮሉምናሬ ነው። ይህኛው ከአፍ ዙሪያ፣ ከክንፍ ወይም ከጀርባ የሚነሣ፣ ከጥጥ ይልቅ ጠፍጣፋ የሆነ ግራጫማ ወይም ቢጫማ ሽፋን ይሠራል፤ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥም ሊስፋፋ ይችላል። ልዩነቱ ትልቅ ትርጉም አለው። ባክቴሪያው ሞቅ ያለ ውሃ ስለሚስማማው «ይሻለዋል» ብሎ ውሃውን ማሞቅ በሽታውን ማፋጠን ነው። በቁስሉ ጠርዝ ላይ ብቻ የሚታይና የማይጨምር ስስ ነጭ ሽፋን ደግሞ አዲስ ቆዳ ሊሆን ስለሚችል አይነካ።

ማሞቅ ሌላም ጉዳት አለው። በባሕር ወለል ከፍታ በ25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ኦክስጅን መያዝ ይችላል። በአዲስ አበባ የአየር ግፊቱ የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ይህ መጠን ወደ 6.2 ይወርዳል፤ ውሃው 30 ዲግሪ ቢደርስ ደግሞ ከ6 በታች ይሆናል። ስለዚህ በደጋ ለሚኖር ዓሣ የአየር መንፊያውን ማበርታት የሕክምናው አካል ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የውሃውን ሩብ እንለውጥ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት አፉ በተከፈተ ዕቃ አንድ ቀን ይደር፤ ክሎራሚን በሚጨመርበት አካባቢ ግን ማሳደር ስለማይበቃ ማርከሻ ያስፈልጋል። የቧጨረውን ድንጋይ ወይም የነከሰውን ዓሣ እናስወግድ።

ሁለተኛ፣ ጨው እንመዝን። ለ40 ሊትር ውሃ 40 ግራም ጨው በብርጭቆ ውሃ አሟሙቶ ቀስ በቀስ ማፍሰስ፤ ይህንኑ በየ12 ሰዓቱ ሁለት ጊዜ መድገም። በድምሩ 120 ግራም፣ ማለትም በሊትር 3 ግራም ይሆናል። የውሃ ውስጥ ተክሎችና ቅርፊት አልባ ዓሦች ጨው ስለማይስማማቸው የታመመውን ለብቻው ማድረግ ይመረጣል። ጨው ከውሃ ጋር አይተንም፤ የተነነውን በንጹህ ውሃ ብቻ እንተካ።

ሦስተኛ፣ ጥጡ ከቀጠለ ሜቲሊን ብሉ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ይሰጥ፤ ነገር ግን በተለየ ዕቃ ይሁን። ቀለሙ በማጣሪያው ውስጥ አሞኒያን የሚያስወግዱትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጎዳልና። ከቤት የተረፈ የሰው አንቲባዮቲክ መበተን በውሃ ሻጋታው ላይ አንዳች አይሠራም፤ መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎችን ግን ያፈራል። ጠፍጣፋው ሽፋን ከተስፋፋ የእንስሳት ሐኪም ማማከር ይገባል።

ቁስሉ ሲደርቅ ጨውን በአንድ ጊዜ ማውጣት አያስፈልግም። በእያንዳንዱ ጊዜ የውሃውን ሩብ በንጹህ ውሃ ስንለውጥ ሦስት አራተኛው ጨው ይቀራል፤ ከአራት ለውጥ በኋላ 0.75 በአራት ደረጃ ተባዝቶ 0.32 ይሆናል። 3 ግራም የነበረው ወደ 1 ግራም ወረደ ማለት ነው። ለዓሣው ለስላሳ መሸጋገሪያ፣ ለተማሪው ደግሞ በደብተር የሚሰላ፣ በገንዳም የሚታይ የኤክስፖነንሻል ቅነሳ ምሳሌ ነው።