የጠባብ ክፍል የመብራት ሒሳብ ስለ ምን ይበዛል?

«ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ወጪዋም ትንሽ ነው» የሚለው አባባል በቤት ኪራይ ፍለጋ ላይ ያለ ተማሪ ሁሉ የሚጽናናበት ነው። እኛም የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ሦስት ሆነን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስቱዲዮ ስንከራይ ያሰብነው ይህንኑ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ክረምት የሐምሌ ወር የመብራት ሒሳብ ሲመጣ ግን ሐሳባችን ሁሉ ተናጋ። በግንቦት 85 ኪሎ ዋት ሰዓት የነበረው ፍጆታችን ወደ 355 አሻቅቦ ነበር። ከመካከላችን አንዱ «ጎረቤት መስመራችንን ጠልፏል» አለ፤ ሌላው «ቆጣሪው ተበላሽቷል» አለ። ሦስተኛው ደግሞ አከራያችንን ጠረጠረ። እሳቸው ግን አቤቱታችንን በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ «ልጆቼ፣ ከመካሰሳችሁ በፊት እስቲ ቆጥራችሁ እዩት» ብለው መለሱን። ምክራቸው ሳይንሳዊ ነበርና ተቀበልነው። በዚህ ጽሑፍ ቆጥረን ያገኘነውን፣ ከውጤቱም በስተጀርባ ያለውን የፊዚክስ ሕግ ለአንባቢያን ለማብራራት እንሞክራለን።

ቆጣሪውን መጠየቅ

ቆጣሪ የሚመዘግበው የክፍሉን ስፋት ወይም የዕቃውን ብዛት አይደለም። የሚመዘግበው መሣሪያው በዋት የተለካ ኃይሉ ሥራ ላይ በቆየበት ሰዓት ተባዝቶ የሚገኘውን ውጤት ነው። አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት 1000 ዋት የሚስብ መሣሪያ ለአንድ ሰዓት ሲሠራ የሚፈጀው ኢነርጂ ነው፤ ይህም 3.6 ሚሊዮን ጁል ይሆናል።

የመጀመሪያው ሙከራችን ቀላል ነበር። በቤታችን ያለውን ሁሉ አጠፋን፤ ከየሶኬቱም ነቀልን። ከዚያም ወርደን የዲጂታል ቆጣሪውን ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ መብራት ተመለከትን። መስመራችን ተጠልፎ ቢሆን ኖሮ መብራቷ ብልጭ ማለቷን ትቀጥል ነበር። እርሷ ግን ቆመች። ስለዚህ ጎረቤታችን ንጹሕ ሰው ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ እያበሩ ብልጭታውን መቁጠር ነው። በቆጣሪው ፊት ላይ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ብልጭታ እንደሚሰጥ ተጽፏል። የተጻፈው 1000 ከሆነ አንድ ብልጭታ አንድ ዋት ሰዓት ነው። ባለ 9 ዋት አምፖላችን ሲበራ ቀጣዩን ብልጭታ ለማየት ስድስት ደቂቃ ከግማሽ ገደማ መጠበቅ ነበረብን። ባለ 2000 ዋቱ የክፍል ማሞቂያ፣ በተለምዶ ሂተር የምንለው፣ ሲበራ ግን በየ1.8 ሴኮንዱ ብልጭ ይል ጀመር። ወንጀለኛው ተገኘ። በቀን 4 ሰዓት ሲበራ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በ30 ቀን 240 ይሆናል። አምፖሉ ግን በቀን 5 ሰዓት ቢበራ እንኳ በወር 1.35 ብቻ ነው። ሙቀት የሚሰጡ መሣሪያዎችና ብርሃን የሚሰጡ መሣሪያዎች በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ አይደሉም።

ሙቀቱ የት ሄደ?

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ ገጠመን። ክፍላችን 20 ካሬ ሜትር ስፋትና 2.6 ሜትር ከፍታ ስላላት 52 ሜትር ኩብ አየር ትይዛለች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ አየሯ ስስ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ አየር ክብደቱ 0.93 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። የክፍላችን አየር እንግዲህ 48 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ግራም አየርን በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ 1 ኪሎ ጁል ያህል ይበቃል። አየሩን ሁሉ ከ12 ወደ 22 ዲግሪ ለማድረስ የሚያስፈልገው 480 ኪሎ ጁል፣ ማለትም 0.13 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ሂተራችን ይህን በአራት ደቂቃ ውስጥ ሊፈጽም በተገባው ነበር! ታዲያ የቀረው ሙቀት የት ገባ?

መልሱ ግድግዳው ነው። ሙቀት ምንጊዜም ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይጓዛል። የጉዞው ፍጥነትም በሁለቱ መካከል ያለው የመጠነ ሙቀት ልዩነት፣ የሚያልፍበት ገጽ ስፋትና የቁሱ ዓይነት ይወስኑታል። በተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ በኩል ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትርና ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 2.5 ዋት ገደማ ያልፋል። በነጠላ መስታወት መስኮት ደግሞ ከ5 ዋት በላይ ይወጣል። ከውጭ ጋር የሚገናኘው ግድግዳችን 12 ካሬ ሜትር፣ መስኮታችን 3 ካሬ ሜትር ነው። በ10 ዲግሪ ልዩነት በግድግዳው 300 ዋት፣ በመስኮቱ 170 ዋት ገደማ ያመልጣል። በበርና በመስኮት ክፍተት የሚገባው ቀዝቃዛ አየር በሰዓት አንድ ጊዜ የክፍሉን አየር ቢተካ ሌላ 130 ዋት ይጨምራል። በድምሩ 600 ዋት ነው። በአራት ሰዓት 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ወደ ውጭ ሄደ ማለት ነው።

የቀረውን የጠጡት የወለሉ፣ የጣሪያውና የግድግዳው ኮንክሪቶች ናቸው። ኮንክሪት ክብደቱ በቶን የሚቆጠር ስለሆነ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ለመሞቅ እንኳ ብዙ ኪሎ ዋት ሰዓት ይውጣል። እኛ ሂተሩን አጥፍተን ስንተኛ እርሱ የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን በሙሉ ለውጭው ብርድና ለላይና ለታች ጎረቤቶቻችን ያከፋፍላል። ስለዚህ ሒሳቡን የከፈልነው ክፍላችንን ለማሞቅ ሳይሆን የሚያመልጠውን ሙቀት ለመተካት ነበር። የክፍሉ መጥበብ ያልጠቀመንም ለዚህ ነው። ሁለት ጎኗ ለውጭ የተጋለጠ ጠባብ ክፍል፣ በቤቶች መካከል ከታቀፈች ሰፊ ክፍል ይበልጥ ሙቀት ልታባክን ትችላለች።

የውሃ ማሞቂያው ድርሻ

ከ355ቱ ላይ የሂተሩን 240 ስንቀንስ 115 ይቀራል፤ ከግንቦት ፍጆታችን አሁንም 30 ይበልጣል። ይህን ያመጣው ቦይለሩ ነው። በግንቦት ጠዋት ጠዋት ብቻ የምናበራውን 50 ሊትር ቦይለር በሐምሌ ቀንና ሌሊት ሳናጠፋው ከርመን ነበር። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠይቃል። ቧንቧውን ማንም ባይከፍተውም እንኳ በርሜሉ ቀስ በቀስ ይቀዘቅዛል፤ መቆጣጠሪያው ደግሞ መልሶ ያሞቀዋል። በቀን አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል በዚህ መንገድ ሲባክን በወር 30 ይሞላል።

«አጥፍቶ ማብራት የበለጠ ይፈጃል» የሚለው የተለመደ አባባል ከፊዚክስ ሕግ ጋር አይስማማም። የሚቀዘቅዝ በርሜል ከአካባቢው ጋር ያለው ልዩነት እየጠበበ ስለሚሄድ የሚያባክነውም ሙቀት እያነሰ ይሄዳል። ዘወትር የሚፈላው በርሜል ግን ሁልጊዜ በከፍተኛው ፍጥነት ያባክናል።

ሒሳቡን ከፍ የሚያደርጉ ሌሎች ምክንያቶች

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ነው፤ ብዙ የሚፈጅ ደንበኛ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋ ከፍ ይላል። በመሆኑም ፍጆታ በአራት እጥፍ ሲያድግ ክፍያው ከአራት እጥፍ በላይ ሊያድግ ይችላል። አከራይና በርካታ ተከራዮች አንድ ቆጣሪ በሚጋሩበት ግቢ ደግሞ የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ ወደ ከፍተኛው እርከን ስለሚደርስ፣ አንዲት አምፖል ብቻ የሚያበራው ተከራይ ጭምር የሂተሩን ዕዳ ይጋራል። ከዚህ በተጨማሪ ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመታት በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ተደርጓል። ስለዚህ ወራትን ስናወዳድር ብሩን ሳይሆን ኪሎ ዋት ሰዓቱን ማወዳደር ይገባል።

ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው ብልሃት ክፍሉን ትቶ ሰውን ማሞቅ ነው። የሰው አካል ራሱ 100 ዋት ገደማ ሙቀት የሚሰጥ ማሞቂያ ነው። ጋቢና ብርድ ልብስ ሙቀት ባይፈጥሩም በጥጥና በሱፍ መካከል የታሰረው አየር የእኛኑ ሙቀት እንዳያመልጥ ይይዘዋል። በጥብቅ በተከደነ ላስቲክ ውስጥ አንድ ሊትር ሙቅ ውሃ አድርጎ አልጋ ውስጥ ማስገባት የሚፈጀው 0.05 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ሂተሩ ይህን በአንድ ደቂቃ ተኩል ይጨርሰዋል።

ሁለተኛው ማምለጫውን ማጥበብ ነው። ወፍራም መጋረጃ ማታ መዝጋት፣ ፀሐይ ስትወጣ መክፈት፣ በበሩ ሥር ጨርቅ ማድረግ፣ አልጋን ከውጭው ግድግዳ ማራቅ ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው። ሦስተኛው ቦይለርን ከመታጠብ በፊት ብቻ ማብራት ነው። በባልዲ ለሚታጠብ ሰው 10 ሊትር ውሃ ወደ 40 ዲግሪ ማድረስ 0.26 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። «ኤሌክትሪክ ቆጣቢ» ተብሎ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ሂተር መግዛት ግን መፍትሔ አይሆንም። በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሞቅ ማሞቂያ ሁሉ፣ ርካሹም ውዱም፣ የሳበውን ኢነርጂ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ በዋት እኩል የሆኑት በሙቀትም እኩል ናቸው።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እናስጠነቅቃለን። ሒሳቡ ያስደነገጠው ከመካከላችን አንዱ በአንድ ምሽት የከሰል ማንደጃ ይዞ ገባ፤ መስኮቱንም ብርድ እንዳይገባ ዘጋው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሦስታችንም ራሳችንን አመመን። የቀላ ፍም ጭስ ባይታይበትም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ቀለምና ሽታ የሌለው ጋዝ ይሰጣል። ይህ ጋዝ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክሲጅን 200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚጣመር ሰውን በእንቅልፉ ሊገድል ይችላል። መስኮቱን ከፍተን፣ ማንደጃውን አውጥተን ተረፍን። ከፍተኛ የመብራት ሒሳብ በልመናም በብድርም ይከፈላል፤ በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል የሚያስከፍለው ግን ነፍስ ነው።

በነሐሴ ሂተሩን ከሶኬቱ ነቅለን፣ ቦይለሩን በሰዓት ወስነን፣ በየእሑዱ የቆጣሪውን ቁጥር በግድግዳ ላይ በለጠፍነው ወረቀት መመዝገብ ጀመርን። የወሩ ፍጆታ 92 ኪሎ ዋት ሰዓት ሆነ። ወረቀቱን ይዘን ወደ አከራያችን ወርደን ስለ ጥርጣሬያችን ይቅርታ ጠየቅን። እሳቸውም ወረቀቱን ተመልክተው ለሌሎቹ ተከራዮቻቸው እንዲሁ እንድናዘጋጅላቸው ጠየቁን፤ አሁን በዚያ ግቢ ሒሳብ የሚከፈለው በተመዘገበ ቁጥር እንጂ በጥርጣሬ አይደለም።