አዲሱ መቶ አለቃ ለምን መጨረሻ ይበላል?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። በቢሮም፣ በሰፈርም፣ በለቅሶ ቤት ጨዋታም ሰምተነዋል። አንዳንዱ እየሳቀ ይናገረዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደ መመሪያ ይዞት ይሠራበታል። ተረቱን ገልብጠው የሚያስተምሩበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም የጦር ሰፈር ነው። ነባር ወታደሮች አዲስ ለተሾመ መኮንን ምክር ስጡ ሲባሉ ከአፋቸው ቀድመው ከሚወጡት ነገሮች አንዱ «መጀመሪያ ወታደርህ ይብላ፣ አንተ ከሁሉም ኋላ» የሚል ነው። በአሜሪካ ማሪን ጦር ዘንድ ይህ የቆየ ልማድ ነው። የምግብ ሰልፍ ሲያዝ ዝቅተኛው ማዕረግ ከፊት ይቆማል፣ አዛዡ ከመጨረሻ።

ምክሩን ሲሰሙት የትሕትና ትምህርት ይመስላል። ትሕትና አለበት፣ አልክድም። ግን ከትሕትናው ይልቅ ሒሳቡ ነው የሚገርመኝ። ምግቡ ቢያንስ የሚጎድልበት ማን ነው? መጨረሻ የቆመው። መጨረሻ የቆመው ደግሞ ስንቅና ትጥቅ ክፍል ደውሎ «ለምን አነሰ?» ብሎ መጠየቅ የሚችለው ሰው ነው። ጉድለቱ ሥልጣን ያለው ሰው ሳህን ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ የተሠራ ሰልፍ ነው። ሰልፉ ቢገለበጥ ግን የሚራበው ተራው ወታደር ይሆናል፤ አዛዡም ጠግቦ «ዛሬ ሁሉም ደህና ነው» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። ውሸታም ሆኖ ሳይሆን በእርግጥም ለእሱ ደህና ስለሆነ ነው።

አዲስ መኮንን ምን ዓይነት ሁኔታ ውስጥ እንደሚገባ እንይ። በብዙ አገር ከአካዳሚ የሚወጣው ምክትል መቶ አለቃ ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ ነው። የሚሰጠው ክፍል በአብዛኛው ከ30 እስከ 40 ሰው ይይዛል። ከሥሩ ደግሞ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለገለ የበታች ሹም ያገኛል። በአሜሪካም ሆነ በእንግሊዝ ጦር አሠራሩ ይኸው ነው። ሕጉ «የምታዘው አንተ ነህ» የሚለው ልጁን ነው፤ ጫማው የት እንደሚልጥ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የትኛው መኪና ዳገት ላይ እንደሚከዳ የሚያውቀው ግን ነባሩ ነው።

ኢኮኖሚክስ ላይ ይህን «የመረጃ አለመመጣጠን» እንለዋለን። የሚወስነው ሰው አያውቅም፣ የሚያውቀው ሰው አይወስንም። ችግሩ እዚህ ላይ አያበቃም፤ የሚያውቀው ሰው ዝም የሚልበት ምክንያትም አለው። ክፉ ወሬ ይዞ የሚመጣ ሰው አይወደድማ! አንዴ ተናግሮ የተገሠጸ ሃምሳ አለቃ ሁለተኛ አይናገርም። «ሁሉም ሰላም ነው ጌታዬ» ይላል፣ ሰላምታ ሰጥቶ ይወጣል። አለቃውም ሰላም መሆኑን አምኖ ይተኛል።

ይህ ዝምታ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ላይ የሰፈረው ጦር አመፀ። የወታደሮቹ ጥያቄ ያኔ መንግሥት ይውረድ የሚል አልነበረም። ምግቡ የሚበላ አይደለም፣ ውኃ የለም የሚል ነበር። የወታደሩ የውኃ ፓምፕ ተበላሽቷል። መኮንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ አላቸው፤ ወታደሩ ከዚያ እንዲቀዳ ግን አልተፈቀደለትም። ወታደሮቹ መኮንኖቻቸውን አሰሩና ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት አሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ ጄኔራሉን ያዟቸውና እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ጄኔራሉ ታመሙ።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን እንደ ቀልድ ነው የምናወራው። እኔ ግን ሳስበው፣ ወታደሮቹ ያደረጉት ሰልፉን በግድ መገልበጥ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ጉድለቱ ሥልጣን ያለው ሰው ሳህን ላይ አርፎ ስለማያውቅ እነሱ ራሳቸው አምጥተው አሳረፉት። የመኮንኖቹ ጉድጓድ ውኃ እየሰጠ እስከቀጠለ ድረስ የተሰበረው ፓምፕ የእነሱ ችግር አልነበረም። አንድ ጉድጓድ ለሁሉም ቢሆን ኖሮ ያ ፓምፕ ስንት ቀን ሳይጠገን ይቆይ ነበር?

የቀረውን ታሪክ እናውቀዋለን። በየካቲት አመፁ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ደረሰ፣ አስመራ ያለው ሁለተኛ ክፍለ ጦርም ተነሳ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። አብዮቱን ያመጣው ፓምፕ ነው ማለቴ አይደለም። የወሎ ረሃብ ነበር፣ የመሬት ጥያቄ ነበር፣ የነዳጅ ዋጋና የታክሲዎች አድማ ነበር። ግን አንድ ጦር ለዓመታት የሚያዘውን ሰው መስማት ሲያቆም፣ መነሻው ከሰው ሳህን ሊሆን እንደሚችል ነገሌ አሳይቶናል።

ታዲያ ነባሮቹ አዲሱን መቶ አለቃ ሌላ ምን ይሉታል? ከአገር አገር ቃሉ ይለያያል እንጂ ፍሬ ነገሩ ይመሳሰላል።

አንደኛ፣ መጀመሪያ ነባሩን ሃምሳ አለቃ ስማ። የሚያስማማችሁን ነገር ብቻ አይደለም፣ የማያስማማችሁንም። ክርክራችሁ በር ተዘግቶ ይሁን፣ ከወጣችሁ በኋላ ግን ወታደሩ የሚሰማው አንድ ቃል ብቻ ይሁን። ይህ ማለት ግን ኃላፊነቱን ለእሱ ጥለህ ትቀመጣለህ ማለት አይደለም። ምክሩ የእሱ ነው፣ ውሳኔው ያንተ። ሥራው ከተበላሸ «እሱ ነው ያለኝ» ማለት የለም።

ሁለተኛ፣ በገባህ ሳምንት ሁሉን ነገር አትቀይር። ሞኝነት የሚመስልህ ልማድ ምናልባት አንተ ከመምጣትህ በፊት በደረሰ አደጋ የተገኘ ትምህርት ሊሆን ይችላል። ጠይቅ፣ እይ፣ ከዚያ ቀይር። ሰው የሚጎዳ ነገር ወይም ሌብነት ካየህ ግን አንድ ቀንም አትጠብቅ። ዝም ባልክበት ቀን ሕግ አድርገህዋል።

ሦስተኛ፣ የማታውቀውን «አላውቅም» በል። ወታደር አዲስ መሆንህን ያውቃል፤ መስሎ ለመታየት ስትሞክር ነው የሚንቅህ። ካርታ አንብበህ ጠፍተህ «አቋራጭ ነው» ያልክ ቀን፣ የሚከተልህ ሰው እግሩ እንጂ ልቡ አብሮህ አይሆንም።

አራተኛ፣ ትንንሽ ነገሮችን ተከታተል። የማን ደመወዝ ዘገየ፣ የማን ፈቃድ ተረሳ፣ የማን እናት ታማለች። ሟቹ ጄኔራል ኮሊን ፓወል ወታደሮች ችግራቸውን ወዳንተ ማምጣት ያቆሙ ዕለት መሪነትህ አብቅቷል የሚል መልእክት ያለው ምክር ትተው አልፈዋል። ወይ ልትረዳቸው እንደማትችል ደምድመዋል፣ ወይ ደግሞ ደንታ እንደሌለህ። ስለዚህ ቢሮህ ጸጥ ካለ አትደሰት፤ ፍራ።

እዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፣ ቀላልም አይደለም። «የእኛ አገር ሰው አለቃ ራሱን ካቀለለ ይንቀዋል፤ ማዕረግ በመራራቅ ነው የሚከበር» ይባላል። ሥርም አለው። በቤተ መንግሥት ግብር ላይ መኳንንቱ ቀድመው ይቀመጣሉ፣ ተራው ወታደር ኋላ በየፈረቃው ይገባል። ማን ቀድሞ በላ የሚለው የማን ክብር ከፍ ይላል የሚለውን ይናገር ነበር። ነባሮቹም ቢሆኑ አዲሱን መኮንን «ጓደኛ ሁን» አይሉትም። አብሮ ሰክሮ፣ አብሮ አለቃ አምቶ በማግስቱ ማዘዝ አይቻልም።

ነገር ግን መጨረሻ መብላትና መቀለል አንድ አይደሉም። አባወራው እንግዳውን አጥግቦ ራሱ ከኋላ ሲቀማምስ ማን ይንቀዋል? እናት ልጆቿን አብልታ በተረፈው ስታድር ማን ቀለለች ይላል? እንዲያውም የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው። አዲሱ መቶ አለቃም መጨረሻ ሲቆም ማዕረጉን አልጣለም፤ ቤቱ የእኔ ነው እያለ ነው።

የዚህ እምነት ዋጋ በደህና ጊዜ አይታይም፤ በክፉ ቀን እንጂ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቆች ከ6 ሺህ በላይ ሰው አሰልፈው፣ ከመቶ በላይ ጓዶቻቸውን ቀብረው፣ አንድም ምርኮኛ ሳያስይዙ መመለሳቸው እስከ ዛሬ ይነገርላቸዋል። ጥይት በሚዘንብበት ቦታ የቆሰለን ጓድ ተሸክሞ የሚመለስ ሰው ትእዛዝ ስለተሰጠው ብቻ አይመለስም። እኔም ብወድቅ ይመለሱልኛል ብሎ የሚያምን ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው። ያ እምነት ደግሞ ተኩስ ከተከፈተ በኋላ የሚገነባ ነገር አይደለም። ሳህን ይዘው በተሰለፉበት፣ ደመወዝ በዘገየበት፣ ውኃ በጠፋበት ሰሞን ነው ተገንብቶ የሚያልቀው።

ዘንድሮ ትከሻው ላይ አዲስ ማዕረግ የተለጠፈለት ወንድም ወይም እህት ያላችሁ «ሹመት ያዳብር» ማለታችሁ አይቀርም፤ በሉ። ከምርቃቱ ጋር ግን አንድ ጥያቄ አሲዛችሁ ላኳቸው። ሰፈሩ በደረሱ ቀን ነባሩን ሃምሳ አለቃ ለብቻው ጠርተው «እዚህ ማንም ለአለቃ የማይናገረው ነገር ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁት። መልሱን ሲሰሙ አይቆጡ። ከዚያ ሄደው ፓምፑን ያስጠግኑ።