የሾላ ማንጎ በስንት ዲግሪ ይረጋል?

ጓደኞች፣ እስቲ ሰብሰብ በሉና ስሙኝ! ማርማላታ ለምን እንደሚረጋ ገባኝ። የመርቲን ማርማላታ ዳቦ ላይ እየቀባን አድገን ይህን ጥያቄ ሳንጠይቅ መኖራችን ራሱ ይገርማል። ድስት ውስጥ ቅጥን ብሎ ሲንቦጫረቅ የነበረ ነገር ሲበርድ በማንኪያ ተቆርጦ የሚነሣው ምን አግኝቶት ነው? ዱቄት የለበት፣ እንቁላል የለበት! ሌላም ጉድ አለ። የባሕር ማዶ የምግብ መጻሕፍት «105 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱት» ይላሉ። ያንን ቁጥር አዲስ አበባ ላይ ብትጠብቁት ከእሳት የምታወርዱት ከረሜላ ነው። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ገበያ እንውጣ።

ሾላ ገበያ ፍራፍሬ ተራ ስትደርሱ ማንጎው፣ ፓፓያው፣ አናናሱና ዘይቱኑ ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ሻጯ ቀድመው የሚጠይቋችሁ «ለጁስ ነው ለመብል?» ብለው ነው። ለጁስ ካላችሁ እጅ ሲነካው የሚሰረጉደውን፣ በደንብ የጎመራውን ያነሣሉ። እናንተ ግን እንዲህ በሏቸው፦ «እናቴ፣ ሦስት እጁን ከበሰለው፣ አንድ እጁን ጠንከር ካለው ያድርጉልኝ።» ከዚያ ሁለት ሦስት ዘይቱን አስጨምሩ፤ አራት አምስት ሎሚም ያዙ። ጠንካራውን ማንጎ የምንፈልገው ውስጡ የተደበቀ ነገር ስላለ ነው።

የተደበቀው ነገር ፔክቲን ይባላል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሄንሪ ብራኮኖ እ.ኤ.አ. በ1825 ለይቶ አውጥቶታል። ማንኛውም ፍሬ ለዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው፤ አንዱን ሕዋስ ከሌላው ያጣበቀው ደግሞ ፔክቲን ነው። ጥሬ ማንጎ የሚጠነክረው ማጣበቂያው ገና ስላልላላ ነው። ሲጎመራ ፍሬው ራሱ ማጣበቂያውን ይቆራርጠው ጀመር ማለት ነው፤ ለዚህ ነው የሚለሰልሰው። ወይ ጉድ! ማንጎ ገዝተን በጣታችን ጫን ጫን ስናደርግ ለካ ፔክቲን እየለካን ኖሯል!

ስለዚህ ሒሳቡ ቀላል ነው። በጣም የበሰለው መዓዛና ጣፋጭነት አለው፣ ማጣበቂያው ግን ደክሟል። ጠንካራው መዓዛ የለውም፣ ማጣበቂያው ግን ሙሉ ነው። ሁለቱን ስትቀላቅሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ዘይቱን በፔክቲን የታደለ ነው፤ ፓፓያና አናናስ ደግሞ በዚህ በኩል ድሆች ናቸው፤ እነሱን ከዘይቱን ጋር አጋቧቸው። የሎሚና የብርቱካን ዘርና ከልጣጩ ሥር ያለው ነጩ ክፍልም በፔክቲን የተሞላ ነው። ፋብሪካዎች በዱቄት የሚሸጡትን ፔክቲን የሚያወጡት ከዚሁ ልጣጭና ከተጨመቀ ፖም ተረፈ ምርት ነው። እኛ የምንጥለውን ማለት ነው!

አሁን ወደ ድስቱ እንግባ። ፍሬው ሲቀቀል ፔክቲኑ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይበተናል። እያንዳንዱ በጣም ረጅምና ቀጭን ሰንሰለት ነው። እነዚህ ሰንሰለቶች ተያይዘው መረብ ቢሠሩ ውሃውን መሃላቸው ይዘው አላላውስ ይሉታል፤ «ረጋ» የምንለው ይህንን ነው። ችግሩ አይያያዙም። ሁሉም ነጌቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል አላቸው፤ ነጌቲቭ ደግሞ ነጌቲቭን ይገፋል። በዚያ ላይ እያንዳንዱን ውሃ ከቦታል።

የተኳረፉ ጎረቤታሞችን አስቡ። በራቸው ትይዩ ነው፣ ሲተያዩ ግን ፊታቸውን ያዞራሉ። መሃላቸው ደግሞ ወሬ አመላላሽ ሞልቷል። እነዚህ እንዲታረቁ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ኩርፊያውን የሚያበርድ ሽማግሌ፣ ከዚያም ወሬ አመላላሹን ዞር የሚያደርግ ሰው። ሽማግሌው ሎሚ ነው። ኮምጣጣነቱ የሰንሰለቶቹን ነጌቲቭነት ያጠፋዋል፤ መገፋፋቱ ይበርዳል። ወሬ አመላላሹ ውሃው ነው፤ እሱን ዞር የሚያደርገው ስኳር ነው። ስኳር ውሃ ስለሚወድ ወደ ራሱ ይስበዋል። አሁን ጎረቤታሞቹ ፊት ለፊት ቀሩ፤ ተጨባበጡ። በቃ፣ ማርማላታ ማለት ይኸው መጨባበጥ ነው!

ይህ ከገባችሁ ብዙ ነገር ይፈታል። «ጣፋጭ አልወድም፣ ስኳሩን በግማሽ ልቀንሰው» ያለ ሰው የሚያገኘው ለምን ሾርባ እንደሆነ፣ ጣፋጩ ፓፓያ ያለ ሎሚ ለምን እንደማይረጋ፣ ሁሉም ግልጽ ይሆናል። ደግሞ እስቲ አስቡት፣ አንድ ጠርሙስ ሙሉ ማርማላታ ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ፔክቲን ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው! ከተክል የሚገኝ ስለሆነም ማርማላታ የጾም ነው። ጄሊ የሚረጋበት ጄላቲን ግን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ይሠራል።

እንሥራው። ከተላጠና ዘሩ ከወጣ በኋላ 1 ኪሎ የሚመዝን ማንጎ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ከነልጣጩ ወደ 2 ኪሎ የሚጠጋ ግዙ። ከተፍ ከተፍ አድርጋችሁ ሰፊ ድስት ውስጥ ጨምሩት። የተከተፈውን ዘይቱንና የአራት ሎሚ ጭማቂ አክሉበት። የሎሚውን ዘር በስስ ሻሽ ቋጥራችሁ ድስቱ ውስጥ ጣሉት፤ ቋጠሮውን ስኳር ከመግባቱ በፊት ጨምቃችሁ ታወጡታላችሁ። ውሃ ጠብ አድርጉና እስኪፈርስ በመጠነኛ እሳት አብስሉት። ስኳሩ አሁን አይገባም። ስኳር ቀድሞ ከገባ ፍሬው አልፈርስም ይላል፤ ፔክቲኑም በደንብ አይወጣም። ፍሬው ሲፈርስ 800 ግራም ስኳር ጨምሩና በዝግታ እያማሰላችሁ አሟሙት። ከዚያ እሳቱን ጨምሩ! ድስቱ ሰፊ የሆነው ውሃው ቶሎ እንዲተን ነው። እሳት ላይ ብዙ ከቆየ ፔክቲኑ ራሱ ይበጣጠሳል።

አሁን ልቤን ወዳጠፋው ክፍል ደረስን። ውሃ አዲስ አበባ ላይ በስንት ዲግሪ ይፈላል? «100» አላችሁ አይደል? 92 ገደማ ነው! ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላለች። ከፍ ባልን መጠን ከላያችን ያለው አየር ይሳሳል። ውሃውን የሚጫነው ነገር ሲቀል ውሃው በትንሽ ሙቀት ይፈላል። በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ከባሕር ወለል በታች ባለው ዳሎል ደግሞ ከ100 ትንሽ ያልፋል። ሽምብራ እዚህ አልበስል እያለ የሚያንገላታን ለዚህ ነው፤ የቱንም ያህል ብንማግድ ውሃው ከ92 አያልፍም።

ይህን በአንድ እጃችሁ ያዙልኝ። በሌላው እጃችሁ ደግሞ ይህን ያዙ፦ ስኳር ያለበት ውሃ ከንጹሕ ውሃ በላቀ ሙቀት ይፈላል፤ ስኳሩ ውሃውን አለቅም ስለሚለው። ስኳሩ በበዛ ቁጥር የሚፈላበት ዲግሪ ወደ ላይ ይወጣል።

አሁን ሁለቱን አገናኟቸው። ድስቱ ሲንተከተክ ውሃ በእንፋሎት ይወጣል፣ ስኳሩ ግን የትም አይሄድም። ቴርሞሜትሩ መጀመሪያ 94 አካባቢ ላይ ተገትሮ ይቆያል። እሳት ብትጨምሩም ንቅንቅ አይልም፤ የተጨመረው እሳት ሁሉ ውሃ በማትነን ያልቃል። ውሃው ሲያንስ 95 ይላል። ሲያንስ 96። ቴርሞሜትሩ እየነገራችሁ ያለው ድስቱ ውስጥ ስንት ውሃ እንደቀረ ነው! ሙቀት መለኪያ ብለን የያዝነው ዕቃ ስኳር ቆጣሪ ሆኖ አረፈ! እኔ ይህ ሲገባኝ ማማሰያውን እንደያዝኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

ማርማላታ በደንብ የሚረጋው ከመቶው 65 እጅ ገደማ ስኳር ሲሆን ነው። እዚህ ላይ የሚደርስ ድስት ንጹሕ ውሃ ከሚፈላበት በ4 ከግማሽ እስከ 5 ዲግሪ ይበልጣል፤ የትም አገር ይሁን የት። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ በ100 ስለሚፈላ 105 ይሆናል፤ የመጻሕፍቱ ቁጥር የመጣው ከዚያ ነው። እኛ ጋ ግን 92 ሲደመር 5፣ 97 ነው! ሾላ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ 105ን ከጠበቃችሁ ከውሃው 13 ዲግሪ በላይ ወጣችሁ ማለት ነው፤ ስኳሩ ከመቶ ሰማንያውን አልፏል፣ እሱ ደግሞ የከረሜላ ሠፈር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ አፍሉና ቴርሞሜትራችሁ ስንት እንደሚል እዩ። በዚያ ላይ 5 ደምሩ። አለቀ! ውድ ቴርሞሜትር አያስፈልግም፤ ትንሽ ቢሳሳት እንኳ ሁለቱንም ጊዜ በተመሳሳይ መጠን ስለሚሳሳት ልዩነቱ ያው ነው።

ቴርሞሜትር ከሌላችሁስ? ሚዛን አላችሁ! ማንጎው ከነሎሚው ጭማቂና ከነስኳሩ 1 ኪሎ ከ850 ግራም ያህል ሆኖ ጀመረ እንበል። ማንጎው ራሱ ይዞት የመጣውን ስኳር ጨምረን ብናሰላው፣ 65 እጅን አልፎ የሚገኘው 1 ኪሎ ከ400 ግራም አካባቢ ሲቀር ነው። የባዶውን ድስት ክብደት ቀድማችሁ መዝግቡ፤ ከዚያ አወጣ እያደረጋችሁ መዝኑት። ሚዛንም ከሌለ ስኒ ማስቀመጫ ፍሪዘር ውስጥ አቀዝቅዙ። ጠብታ አድርጉበት፣ ትንሽ ቆዩ፣ በጣታችሁ ገፋ አድርጉት። ፊቱ ከተሸበሸበ ደርሷል። ዲግሪው፣ ክብደቱና ሽብሽቡ ሦስቱም የሚመልሱት አንድ ጥያቄ ነው፦ ውሃው በቂ ያህል ወጣ ወይ?

አንድ ነገር አያስደንግጣችሁ። ልክ 97 ሲደርስ ድስቱ ውስጥ ያለው ገና ቀጭን ይመስላል። ሰንሰለቶቹ የሚያያዙት ሙቀቱ ሲወርድ ስለሆነ ቁጥሩን እመኑና አውርዱት። አንዳንዱ በደንብ ለመርጋት እስከ ማግስቱ ይቆያል።

ጠርሙሶቹን ቀድማችሁ ቀቅሉ። ውሃችን በ92 ስለሚፈላ እዚህ ጊዜውን ማርዘም ያስፈልጋል፤ ወደ 20 ደቂቃ ያህል። ማርማላታውን እንደሞቀ ጠርሙሱ በሙቀቱ ሳለ ሙሉትና ክደኑት። ሲበርድ ክዳኑ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ካለ በደንብ ታሽጓል። የተከፈተው ፍሪጅ ይግባ።

ቶሎ የማይበላሸውስ ለምንድን ነው? መልሱን ከማር ታገኙታላችሁ። ማር ከመቶው ውሃው ሃያም አይሞላም፤ ያለውንም ስኳሩ ጨምድዶ ስለያዘው እርሾና ሻጋታ የሚጠጡት አያገኙም። ውሃ ጨምሩበት፣ ጌሾ አድርጉበት፣ ይፈላና ጠጅ ይሆናል! ድስቱ ላይ ቆመን ያደረግነው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ውሃውን አስወጥተን የቀረውን ለስኳር አስያዝነው። ስኳር ስትቀንሱ እርጋታው ብቻ ሳይሆን ዕድሜውም የሚያጥረው ለዚህ ነው።

ክፍለ አገር ያላችሁትም አትቅሩ። ባሕር ዳር ወደ 1800 ሜትር ስለሆነ ውሃው በ94 ገደማ ይፈላል፤ የእናንተ ቁጥር 99 ነው። ድሬዳዋ ወደ 1200 ሜትር ነው፤ 96 ሲደመር 5፣ 101። ደብረ ብርሃን ብርዱ ሳያንስ ውሃውም ገና 91 ሳይሞላ ይፈላል፤ እናንተ 96 አካባቢ አውርዱ። ለየትኛውም ፍሬ የምትጠይቁት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ፔክቲን አለው? ይኮመጥጣል? ውሃው በቂ ወጣለት? አናናስ ኮምጣጣነት አለው፣ ፔክቲን ይጎድለዋል፤ ዘይቱን ጨምሩለት። ፓፓያ ሁለቱም ይጎድሉታል፤ ዘይቱንም ሎሚም ስጡት። ጊሽጣና ካዝሚር ገና አልተነኩም፤ እነሱን ለእናንተ ትቻለሁ። ቅዳሜ ሾላ የምትወርዱ ከሆነ ቀድማችሁ ውሃችሁ በስንት እንደሚፈላ ለኩና ደውሉልኝ፤ ዘይቱኑን እኔ እገዛለሁ።