ሁለት ታክሲ የሚይዘው ትል

ስሙኝማ! እንሽላሊት ሆድ ውስጥ ስለሚኖር ትል ልነግራችሁ ነው። ፊታችሁን አታጨማድዱ፤ ነገሩ ጉድ ነው!

አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ቀንዳም እንሽላሊት አለ፤ ጠፍጣፋ፣ ጭንቅላቱ ዙሪያ እሾህ ያበቀለ። ነፍሱ ጉንዳን ናት፤ በተለይ ዘር ለቃሚዋ ቀይ ጉንዳን። መንገዳቸው ዳር ያደፍጥና በምላሱ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። ጨጓራው ውስጥ ደግሞ ትል አለ። ታዲያ ይሄ ትል እግር የለው፣ ክንፍ የለው፤ ከአንዱ እንሽላሊት ወደ ሌላው እንዴት ይሻገራል?

ቀስ ብለን እንሂድ። ሆዷ በእንቁላል የተሞላ ሴት ትል ከእንሽላሊቱ ኩስ ጋር ትወጣለች። ጉንዳኖቹ ያገኟታል። «እሰይ፣ ሥጋ!» ብለው ተሸክመው ቤታቸው ያስገቧታል፤ ለእጮቻቸውም ያበሏታል። እጩ አድጎ ጉንዳን ሲሆን ትሉን በሆዱ እንደያዘ ነው። ከዚያ ለሥራ ይወጣል። ደጅ ማን አለ? ያው እንሽላሊት! ላፍ!

የበራልኝ እዚህ ጋ ነው። ትሉ ሁለት ታክሲ የሚይዝ መንገደኛ ነው፤ መጀመሪያ ጉንዳን፣ ቀጥሎ እንሽላሊት። እንሽላሊቱ ጉንዳን መብላት ቢተውስ? ትሉ መንገድ ላይ ቀረ! ቅጠል በሊታ እንሽላሊቶችን የሚይዙ ብዙ ትሎች ግን መሸጋገሪያ አያሻቸውም፤ እንቁላላቸው ከኩስ ወደ መሬትና ቅጠል፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ አፍ ይገባል።

ምግብ ሲቀየር እንግዳውም ይቀየራል ማለት ነው? በ1971 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች 5 ጥንድ እንሽላሊቶችን ከአድርያቲክ ባሕር ደሴት ከፖድ ኮፒሽቴ ወስደው ፖድ ምርቻራ በምትባል ሌላ ደሴት ለቀቋቸው። የቀድሞዋ ደሴት እንሽላሊቶች በአብዛኛው ነፍሳት በሊታ ናቸው። ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ዘሮቻቸው ሲታዩ፣ በበጋ ከሚበሉት 61 በመቶው ተክል ሆኗል! አንጀታቸው ቅጠሉን አዘግይቶ የሚያብላላ እጥፋት አውጥቷል። ትልስ? በአዲሷ ደሴት አንጀታቸው ውስጥ በሽ ነው፤ በቀድሞዋ ግን አልተገኘም። እንዲያውም ትሎቹ ተክሉን በማብላላት ሳያግዙ አይቀሩም ተብሎ ይገመታል። ጥገኛ ያልነው ሠራተኛ ሊሆን!

አሁን ተራው የእናንተ ነው፦ አይጥ የሚውጥ ዘንዶ ሳንባ ውስጥ ያለው ጥገኛ በምን ተሳፍሮ የመጣ ይመስላችኋል?