ኤስፖዚቶ፦ ከግድግዳ ቀዳዳ የወጣ ስም

ስለ ጣሊያኖች የቤተሰብ ስም ወሬ ሲነሳ ሁሉም የሚጀምረው ከሮሲ ነው። ጠጉሩ ወይም ፊቱ የቀላ አንድ ሰው ነበረ፣ ልጆቹም በእሱ ተጠሩ፤ ታሪኩ እዚያው ያልቃል። ፌራሪ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሮማኖ የሮም ሰው፣ ሩሶ ደግሞ የደቡቡ ሮሲ ነው። እነዚህን የሚወድ ይውደድ። እኔ የማደላው ለኤስፖዚቶ ነው። በጣሊያን በብዛት ከሚገኙት አምስት ያህል ስሞች አንዱ ነው፤ ናፖሊ ላይማ የሚቀድመው የለም። ያም ሆኖ ሰው ስለ እሱ የሚያውቀው «የተጣሉ ልጆች ስም ነው» የምትለዋን ብቻ ነው። እሷን ይልና ከንፈሩን ይመጥጣል።

መሠረታዊው ነገር ረጅም አይደለም። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ውጭ የተቀመጠ፣ ለመንገድ የተተወ እንደማለት ነው። ወላጆቹ ያልታወቁ ሕፃን ሲገኝ መዝገብ ላይ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፤ ሕፃኑ አድጎ ሲወልድ ያው ጽሑፍ ለልጆቹ ያልፋል። እኛ ዘንድ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በሁለት ትውልድ ይጠፋ ነበር፤ የአያቴ ስም ከልጄ ስም ጎን አይቆምም። ጣሊያን ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. በ1563 የተጠናቀቀው የትሬንት ጉባኤ አጥቢያዎች መዝገብ እንዲይዙ ካዘዘ ወዲህ (ከዚህ በኋላ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የቤተሰብ ስም ከሰው ጋር ተጣብቆ ቀረ። አንድ ጸሐፊ አንድ ሌሊት የጻፈውን የልጅ ልጅ ልጅ ይወርሰዋል።

አጠራሩንም ላስተካክል። ጫናው «ፖ» ላይ ነው፦ ኤስፖ-ዚቶ፤ «ዚ» ላይ አይደለም። አሜሪካኖች «ዚ» ላይ ይረግጡታል፣ የእኛም የኳስ ዘጋቢዎች ከእንግሊዝኛው ሥርጭት ሰምተው ያንኑ ይደግማሉ። የኢንተሩን አጥቂ ፍራንቸስኮ ፒዮ ኤስፖዚቶን በየሳምንቱ እየጠሩ ስሙን እንደመጣላቸው ማለት ደግ አይደለም። ልጁ ከናፖሊ ብዙም ከማይርቀው ከካስቴላማሬ ዲ ስታቢያ ነው፤ ሳልቫቶሬና ሴባስቲያኖ የሚባሉ ሁለት ታላላቅ ወንድሞቹም ኳስ ተጫዋቾች ናቸው። ስሙም ሰፈሩም ይገጣጠማል።

አሁን ወደ ቦታው እንሂድ። ናፖሊ ውስጥ ፎርቼላ በሚባለው በጫጫታ የተሞላ አሮጌ ሰፈር የአኑንዚያታ ቅድስት ቤት አለ፤ በብሥራቷ ማርያም ስም በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተቋቋመ ቤተ ክርስቲያን፣ ሆስፒታልና የሕፃናት ማሳደጊያ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በ1757 ተቃጥሎ ሉዊጂ ቫንቪቴሊ በአዲስ መልክ አሠራው። አስጎብኚዎች ስለ ጉልላቱ ብዙ ይላሉ። እኔ የምሄደው ግን ከደጁ አጠገብ ወዳለችው ቀዳዳ ነው።

ቀዳዳዋ ሩዎታ ትባላለች፣ መንኮራኩር ማለት ነው። በግድግዳው ውስጥ የሚሽከረከር፣ አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ የእንጨት በርሜል መሳይ ነገር አለ። ከመንገድ በኩል ሕፃኑን ያስቀምጡና ያዞሩታል፤ ክፍቱ ጎን ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ደወል ይደወላል፤ ውስጥ ቀንና ሌሊት የምትጠብቅ ሴት ሕፃኑን ትቀበላለች። ያስቀመጠው ሰው አይታይም፣ አይጠየቅም። የተቀበለችውም ማን እንዳመጣው አታውቅም። ይህ ሁሉ ሆን ተብሎ የታሰበ ነው፤ ሰው እንዳይታይ ካልተደረገ ሕፃኑ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቆሻሻ ጉድጓድ ይሄዳል የሚል ስጋት ነበር። በሮም ሳንቶ ስፒሪቶ ሆስፒታል ይህ ሥርዓት የተጀመረው በጳጳስ ኢኖቼንት ሦስተኛ ዘመን ነው ይባላል፤ ዓሣ አጥማጆች ከቴቬሬ ወንዝ በመረባቸው የሕፃናት ሬሳ ሲያወጡ ጳጳሱ አይተው ደነገጡ የሚለው ታሪክ እስካሁን ይተረካል።

ሕፃኑ ከገባ በኋላ ሥራው ይጀምራል። ታጥቦ፣ በአንገቱ ላይ የእርሳስ ምልክት ይንጠለጠልለታል። ጸሐፊው መዝገቡን ይከፍታል፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ዕድሜው በግምት፣ የለበሰው ጨርቅ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ አብሮት የተገኘ ነገር። ይህን የመጨረሻውን ልብ በሉ። ከብዙ ሕፃናት ጋር የተቆረጠ ሳንቲም፣ ለሁለት የተቀደደ የቅዱሳን ሥዕል፣ ግማሽ ሜዳሊያ ይገኝ ነበር። ሌላው ግማሽ እናት ወይም አባት ዘንድ ቀርቷል። ሁኔታው ሲሻሻል መጥተው ግማሹን ከግማሹ ጋር ገጥመው «ይህ ልጅ የእኛ ነው» ሊሉ አስበዋል። አንዳንዶቹም መጥተው ወስደዋል።

እዚህ ላይ ነው እኔን የሚያናድደኝ ነገር የሚመጣው። «ኤስፖዚቶ ማለት ዲቃላ ማለት ነው» የሚል ሰው በየቦታው አለ፤ አገር አየን የሚሉ የእኛ ሰዎችም ይህን በታላቅ እርግጠኝነት ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ጋብቻ ሳይኖር የተወለዱ ሕፃናት በብዛት ወደ ሩዎታ መግባታቸው እውነት ነው። ግን በቁርባን የተጋቡ ድሆችም ልጃቸውን አስገብተዋል፤ እናት በወሊድ ስትሞት፣ ጡቷ ሲደርቅ፣ አባት ሥራ ሲያጣ፣ የዳቦ ዋጋ ሲንር። ያ ግማሽ ሥዕል የሚመሰክረው ይህንኑ ነው፤ የማይፈልጉትን ልጅ ግማሽ ሜዳሊያ አስይዞ የሚልክ ማን ነው? ናፖሊዎች ራሳቸው እነዚህን ልጆች «የማዶና ልጆች» ይሏቸው ነበር። የራሱ ሕፃን የሞተበት ቤተሰብ ተስሎ ከአኑንዚያታ አንድ ልጅ ወስዶ ማሳደጉ የታወቀ ልማድ ነበር፤ ለሴቶቹም ሲያገቡ ቤቱ ጥሎሽ ይሰጣቸው ነበር።

ሁለተኛው ስህተት ኤስፖዚቶዎች ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው። ናፖሊ ውስጥ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት አንዲት ባልቴት ኤስፖዚቶ ነበሩ፤ ከሥር ያለው ሥጋ ሻጭ ኤስፖዚቶ፣ ከማዕዘኑ ያለው መድኃኒት ቤትም ኤስፖዚቶ። «ሲኞራ፣ ይህ ሰፈር በሙሉ የእርስዎ ዘመድ ነው ማለት ነው?» አልኳቸው። ቡናቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ በዚህ ከተማ ኤስፖዚቶ ነኝ ማለት ናፖሊ ተወለድኩ ማለት እንጂ ሌላ ምንም አይደለም» አሉኝ። ልክ ናቸው። እያንዳንዱ መስመር ለየብቻው፣ በሌላ ዓመት፣ በሌላ ሌሊት፣ ከሌላ ሕፃን ይጀምራል።

ሦስተኛው ስህተት ከሁሉም የረቀቀ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ። ሰዎች ኤስፖዚቶ የሚባል ሰው ከተጣለ ልጅ ይወለዳል፣ ሩሶ የሚባለው አይወለድም ብለው ያስባሉ። እስከ ሰባት ቤት ለሚቆጥር ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ስንሄድ አንድ ሰው 128 ቅድመ አያቶች አሉት። የጣሊያኑ ስም የሚመጣው ከእነዚህ ውስጥ ከአንዱ ብቻ ነው፤ ከአባት ወደ አባት ብቻ ከሚወጣው። የቀሩት 127ቱ ስማቸው በመንገድ ላይ ጠፍቷል። የኤስፖዚቶ ሴት ልጅ ሩሶን አግብታ የወለደቻቸው ሁሉ ሩሶ ይባሉ ነበር፤ የእሷ ሩዎታ ከመዝገቡ ይሰወር ነበር። ስለዚህ የናፖሊ ሩሶዎች፣ ሮማኖዎችና ሌሎቹም በእናቶቻቸው በኩል የአኑንዚያታን ግድግዳ ደጋግመው አልፈዋል። ልዩነቱ ኤስፖዚቶ የሚባለው በግልጽ መሸከሙ ብቻ ነው። እኛ ሰባት ቤት ስንቆጥር በእናትም በአባትም እንቆጥራለን፤ የጣሊያን ስም ግን እስከ ቅርብ ጊዜ በአንድ ዓይኑ ብቻ ያይ ነበር። ስም ይዘው የሰው ዘር የሚለዩ ሰዎች ይህን ቢያስቡት ብዙ ንግግራቸውን ይተዉ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሊጠይቀኝ ይችላል፦ በእነዚህ ቤቶች ሕፃናት እንደ ቅጠል ይረግፉ አልነበረም ወይ? ነበር። በክፉ ዓመታት ከገቡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አንደኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ ይሞቱ ነበር። ታዲያ ስሙ እንዴት በዛ? ናፖሊ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአውሮፓ ታላላቅ ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ሩዎታው ደግሞ ለመቶዎች ዓመታት ዞሯል። ቤቱ ሕፃናቱን እንዲያጠቡ በገጠር ላሉ ሴቶች በደመወዝ ይሰጥ ስለነበር፣ የዳኑት ልጆች በናፖሊ ዙሪያ ባሉት የካምፓኒያ መንደሮች ተበትነው ቀሩ። ኤስፖዚቶ በየሳምንቱ እንደገና ይጀመር ነበር። ሚስጥሩ ይኸው ነው።

ከ1808 እስከ 1815 ናፖሊን የገዛው የናፖሊዮን እህት ባል ዮአኪም ሙራ ይህን ስም መስጠት እንዲቆም አደረገ፤ ልጁን ዕድሜ ልኩን የሚከተል ምልክት ነው በሚል። ከዚያ ወዲህ ጸሐፊዎቹ ስም መፍጠር ነበረባቸው፤ የተገኘበት ወር፣ የዕለቱ ቅዱስ፣ ያሰኛቸውን ሁሉ። ቀድሞ የተሰጠውን ግን ማንም አልነካውም፤ የወረሱት ማውረሳቸውን ቀጠሉ። የናፖሊ ሩዎታ የተዘጋው በ1875 ሲሆን፣ በመላው ጣሊያን የቀሩትም በ1923 ታገዱ።

ሌሎች ከተሞችም የየራሳቸው ኤስፖዚቶ አላቸው፤ እነሱን በሩጫ ላሳያችሁ። በቦሎኛ ዴሊ ኤስፖስቲ፣ በሮም ፕሮዬቲ፣ በሲሲሊ ትሮቫቶ። በፍሎረንስ ብሩኔሌስኪ በ1419 ግንባታውን የጀመረው የኢኖቼንቲ ማሳደጊያ አለ፤ በ1445 ተከፈተ፣ ግንባሩ ላይም አንድሪያ ዴላ ሮቢያ የሠራቸው በጨርቅ የተጠቀለሉ ሕፃናት አሉ። ከዚያ ኢኖቼንቲ የሚለው ስም ወጣ፤ ላምብሬታ ሞተርን ያመረተው ፌርዲናንዶ ኢኖቼንቲም በዚሁ ስም ይጠራል፣ የቱስካን ሰው ነበር። በሚላኖ ደግሞ የማሳደጊያው ምልክት እርግብ ስለነበረች ልጆቹ ኮሎምቦ ተባሉ። ይህን ሰምታችሁ ግን ወደ ክሪስቶፎሮ ኮሎምቦ እንዳትሮጡ። እሱ የጄኖቫ ሰው ነው፤ አባቱም ዶሜኒኮ የሚባል የታወቀ የሱፍ ሸማኔ ነበር።

ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የካምፓኒያ ሰው በመርከብ ሲሰደድ ስሙም አብሮ ሄደ። ቦነስ አይረስና ኒውዮርክ በኤስፖዚቶ የተሞሉ ናቸው። በካናዳ ፊልና ቶኒ ኤስፖዚቶ የሚባሉ ወንድማማቾች በበረዶ ሆኪ ዝነኛ ሆኑ። በ«ብሬኪንግ ባድ» የቴሌቪዥን ድራማ ጉስ ፍሪንግን የተጫወተው ጃንካርሎ ኤስፖዚቶ በ1958 ኮፐንሃገን ተወለደ፤ አባቱ የናፖሊ ሰው፣ እናቱ ጥቁር አሜሪካዊት የኦፔራ ዘፋኝ ነበሩ። ጥቁር ሰው በዚህ ስም ሲጠራ የሚገረሙ አሉ፤ የአባት ስም ሥራው ምን እንደሆነ የዘነጉ ናቸው።

በዚሁ ነገር ላይ ለእኛ የሚቀርብ ምዕራፍ አለ። በ1940 ግንቦት የፋሺስት መንግሥት ባወጣው ሕግ፣ ከጣሊያናዊ አባትና ከአገሬው እናት የተወለደ ልጅ በአባቱ ሊታወቅ እንደማይችልና የአባቱን ስም መያዝ እንደማይችል ተደነገገ። በኢትዮጵያና በኤርትራ ብዙ ልጆች አባታቸውን እያወቁ አባታቸው በመዝገብ ያልታወቀ ሆነው ቀሩ። የናፖሊ ጸሐፊ ወላጁን ለማያውቅ ሕፃን ስም ይሰጥ ነበር፤ ይህኛው ሕግ ወላጁን ከሚያውቅ ልጅ ላይ ስም ነጠቀ። ሕጉ የተሰረዘው ከጦርነቱ በኋላ ነው።

የዛሬው የጣሊያን ሕግ እናት ስሟን ሳትገልጽ ሆስፒታል ውስጥ እንድትወልድ ይፈቅዳል፤ እንዲህ ለተወለደ ሕፃን የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ስምና የቤተሰብ ስም ያወጣለታል። በ2000 የወጣው የሲቪል መዝገብ ደንብ ግን ወላጆቹ አለመታወቃቸውን የሚያሳብቅ ስም፣ ወይም በአካባቢው የታወቀ ቤተሰብ ስም እንዳይሰጠው ይከለክላል። ስለዚህ አዲስ ኤስፖዚቶ በዚያ መንገድ አይፈጠርም። በሌላ በኩል በ2022 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ልጅ የአባቱን ስም ብቻ ይወርሳል የሚለውን አሠራር ሽሮ፣ ወላጆቹ በአንዱ ካልተስማሙ በቀር የሁለቱንም እንዲይዝ ወስኗል። ከዚህ ወዲህ የኤስፖዚቶ ሴቶች ልጆችም ስማቸው በሕግ ለልጆቻቸው ያልፋል።