ከደጋ ወርዶ በጣና ዳር ማረፍ
(በሬዲዮ ከተነገረው የተወሰደ)



ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ በመጠነኛ ደመወዝ የሚተዳደር የመንግሥት ሠራተኛ የዓመት ፈቃዱን ከቤተሰቡ ጋራ በውሃ ዳር ለማሳለፍ ሲነሣ ማረፊያውን እንዴት መምረጥ እንደሚገባው ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ዓመት ሙሉ የተቆጠበ ገንዘብ በ3 ቀን የሚያልቀው፥ የልጆችም ደስታ ወደ ኩርፊያ የሚለወጠው አብዛኛውን ጊዜ በአልጋ ምርጫ ስሕተት ነው።

ቀድሞ የባሕር ዳርቻ ሲባል ምጽዋ ትታሰብ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ግን ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ ባሕራችን ሐይቃችን ነው፤ የባሕር ዳር ከተማ ስምም ይህንኑ ይመሰክራል። በአጅባር ወይም በመካነ ሰላም ለሚኖር ሰው ቅርቡ ውሃ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ ሐይቅ ነው፤ 2 ቀን ብቻ ያለው ወደዚያ ቢሄድ ይበቃዋል። ሳምንት ያለው ግን ከደሴ በወልድያ፥ በጋሸና፥ በንፋስ መውጫና በደብረ ታቦር አድርጎ ጣና ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተስፋፋው ግጭት መንገዶች በየጊዜው ሲዘጉ ስለ ታዩ፥ ከመነሣት አስቀድሞ የመንገዱን ሁኔታ በስልክ መጠየቅ ግዴታ ነው።

እንግዲህ ባሕር ዳር ደርሰናል እንበል። ማረፊያዎቹን በ2 ከፍለን እንመልከት። በሐይቁ ጠርዝ የተሠሩት ሆቴሎች መልካም እይታ አላቸው፤ ዋጋቸውም እንደ እይታቸው ነው። በመካከለኛው ከተማ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢና በዘንባባው ጎዳና ግራና ቀኝ ያሉት መጠነኛ ሆቴሎች ግን መስኮታቸው ሐይቁን ባያሳይም፥ እግር ካለ ሐይቁ ቅርብ ነው። ለሠራተኛ ቤተሰብ የሚስማማው ይህ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ርካሽ ነው ተብሎ ከከተማው ዳር ማረፍ ነው። እኔም አንድ ጊዜ በመናኸሪያ ያገኘሁትን ደላላ ተከትዬ በማታ ሩቅ ስፍራ ገባሁ። ሲነጋ ከቧንቧው ውሃ የለም፤ ቁርስም ፍለጋ ባጃጅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል የሩቁ አልጋ በአንድ ሌሊት 200 ብር ቢረክስ፥ ቤተሰቡም ለመመላለስ በቀን 300 ብር ቢያወጣ፥ አተረፍሁ ያለው ሰው 100 ብር ከሰረ ማለት ነው።

ስለዚህ በብርሃን ግቡ። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ክፍሉን እዩ፤ ቧንቧውን ክፈቱ፤ መታጠቢያው የግል ወይም የጋራ መሆኑን፥ ቁርስ በዋጋው ውስጥ መኖሩን ጠይቁ። ከበታቹ ሙዚቃ ቤት ካለ ልጆች አይተኙም። በጥምቀትና በዩኒቨርሲቲው ምረቃ ሰሞን አልጋ ስለሚወደድ አስቀድሞ መያዝ ወይም ሌላ ሳምንት መምረጥ ይበጃል።

አሁን ከዋጋ የሚበልጠውን ነገር ልንገራችሁ። የእኛ አገር ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ነው፤ የጣና ዳር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ ወባ አለበት። የደጋ ሰው አካሉ በሽታውን ስላልለመደው ይጸናበታል። አጎበር የሌለውን ወይም አጎበሩ የተቀደደውን ክፍል፥ ዋጋው ምንም ቢረክስ፥ አትቀበሉ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ቢነሣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ፤ ሐኪሙንም «ባሕር ዳር ነበርሁ» በሉት። ደጋ ላይ ያለ ሐኪም ሳትነግሩት ወባን ላያስብ ይችላልና። ደግሞም በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ ይገኛል፤ በቀንድ አውጣ ውስጥ የሚራባው ትል የሰውን ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ስለዚህ ልጆች በውሃው ዳር ይጫወቱ እንጂ አይግቡበት።

ከአልጋው የተረፈውን ገንዘብ ለጀልባ አውሉት። ዋጋውን በሰው ሳይሆን በጀልባ፥ ደርሶ መልስ ብላችሁ ተስማሙ። ክብራን ገብርኤል ሴቶችን ስለማያስገባ፥ ከቤተሰብ ጋራ የሚሄድ ሰው በዘጌ ያለውን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቢመርጥ ሁሉም አብረው ሥዕሎቹን ያያሉ። ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ውሃው ለኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚጠለፍ በበጋ ይመነምናል፤ ግርማው የሚታየው በመስከረምና በጥቅምት ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ማየት ግን ምንም አያስከፍልም።

አንባብያን ሆይ፤ ዕረፍት ለባለጸጋ ብቻ የተሰጠ አይደለም። አልጋውን በብርሃን የመረጠ፥ አጎበሩን የፈተሸና ሒሳቡን አስቀድሞ የሠራ ሠራተኛ ያለ ብድርና ያለ በሽታ ወደ ደጋው ይመለሳል።